ሸክሙን ማን ይሸከም? ስለ ሶላርና ስለ መንግሥት ፖሊሲ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። በአንድ ወረዳ የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለአለቆቼ ገለጻ አቀርባለሁ። ርዕሱ ታዳጊ አገሮች ታዳሽ ኃይልን ለማስፋፋት የትኛው ፖሊሲ ይበጃቸዋል የሚል ነው። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ቀረጥ ማንሣት፣ ድጎማ፣ ጨረታ፣ ዋስትና እያሉ ይዘረዝራሉ። የትኛው እንደሚሠራ ግን አልገባኝም። ለገጠሩ ሰው ሶላሩን በነፃ ብናድለውስ? ሕዳሴ ግድብ ተመርቆ ሳለ ስለ ሶላር ማውራት ምን ያስፈልጋል የሚሉኝም አሉ። ቢያስረዱኝ።»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። እንደ ታናሽ እህቴ አይቼሽ «አንቺ» እያልኩ ልመልስልሽ። የውጭ አገሮቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የኛን በኛው እጽፋለሁ።

ዝርዝሩን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ፦ ሸክሙ የማን ነው? ፀሐይም ነፋስም ነዳጅ አይጠይቁም። ወጪው በሙሉ ከፊት ነው የሚመጣው። ዛሬ ትከፍያለሽ፣ ለ20 ዓመት ትጠቀሚያለሽ። እነዚያ 20 ዓመታት ደግሞ ብዙ ነገር ያመጣሉ። ብር ሊወድቅ ይችላል። ባትሪ ይሞታል። መስመሩ በጊዜው ላይደርስ ይችላል። ኃይሉን የሚገዛው ድርጅት ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። እያንዳንዱ ስጋት የአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። ቀረጥ ማንሣትም ሆነ ዋስትና መስጠት፣ ፖሊሲ የሚባለው ሁሉ ሸክሙን ከማይችለው ትከሻ አንሥቶ ወደሚችለው ማዛወሪያ መንገድ ነው። ፖሊሲው የሚከሽፈው ሸክሙን ለማይችለው ሲያሸክም ነው። ወይም ደግሞ ሸክሙን ጭራሽ ሲረሳው።

ከትንሹ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ አንድ የገጠር ቀበሌ ሄጄ ነበር። የገባሁበት ቤት ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ፓኔል ተቀምጣለች። ከምሰሶው ላይ አምፖልና የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ያለው ሳጥን ተንጠልጥሏል። አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኗል። ይሠራል ብዬ ጠየቅሁ። የቤቱ እመቤት ሳቅ ብለው «ፀሐዩማ አለ ልጄ፤ ማጠራቀሚያው ነው የሞተው» አሉኝ። ባትሪው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሳጥኑን ፈትቼ አየሁት። ፓኔሉ ጤነኛ ነው፣ ገመዱ ጤነኛ ነው፣ አምፖሉም ጤነኛ ነው። የጎደለው አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ባትሪ ናት። ባትሪዋን የሚሸጥ ሰው ግን በቀበሌውም በወረዳው ከተማም የለም። ልጆቹ ወደ ኩራዙ ተመልሰዋል።

ያ ሳጥን በየትኛውም ሪፖርት ላይ «የኃይል ተጠቃሚ የሆነ አንድ አባወራ» ተብሎ ተቆጥሯል። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ዕቃውን እዚያ ለማድረስ ሁሉም ደክሟል። ከደረሰ በኋላ ያለው ሸክም ግን የእኚያ እናት ብቻ ሆነ። እሳቸው ደግሞ የሚችሉት ሸክም አይደለም።

ስለዚህ «በነፃ ብናድለውስ» ላልሽው የኔ መልስ አይሆንም ነው። የዚህን ጉዳይ ጥሩ ትምህርት የምናገኘው ከባንግላዴሽ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ባንግላዴሽ በ2003 የቤት ሶላር ፕሮግራም ጀመረች። ፕሮግራሙን የያዘው ኢድኮል የሚባል የመንግሥት የፋይናንስ ኩባንያ ነው። ኢድኮል ራሱ ፓኔል አይሸጥም። ከዓለም ባንክና ከሌሎች አበዳሪዎች የተገኘውን ገንዘብ ወስዶ በየገጠሩ ለሚሠሩ ድርጅቶች በዝቅተኛ ወለድ ያበድራል። እነሱ ደግሞ ለገበሬው በዱቤ ይሸጣሉ። ገበሬው ጥቂት ቅድሚያ ይከፍላል። የቀረውን በሁለት ሦስት ዓመት በየወሩ ይጨርሳል። የወር ክፍያውን ሊሰበስብ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ቴክኒሻንም ነው። ብሩን ሲቀበል ባትሪውን ያያል፣ ገመዱን ያጠብቃል። መብራቱ ካልሠራ ገበሬው አይከፍልም። ስለዚህ ድርጅቱ መብራቱ እንዲሠራ ይፈልጋል። ልብ በይ፣ የጥገናው ሸክም ሻጩ ትከሻ ላይ ተቀምጧል። ሻጩ ደግሞ ይችለዋል። ቴክኒሻን አለው፣ መለዋወጫ አለው፣ በየመንደሩ ቢሮ አለው። ድጎማም ነበረ። ግን ትንሽ ነበር፣ ገበያው እየቆመ ሲሄድም እየተቀነሰ መጣ።

በዚህ መንገድ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች መብራት አገኙ። በዓለም ላይ ከታዩት የዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ሁሉ ትልቁ ነበር።

ከዚያ ሁለት ነገር መጣ። አንደኛ፣ መንግሥት በሌላ በጀት፣ ለድሆች መርጃ በተያዘ ገንዘብ፣ ፓኔል በነፃ ማደል ጀመረ። እስቲ አስቢው። አንቺ በየወሩ እየከፈልሽ ነው። ጎረቤትሽ ያንኑ ዕቃ በነፃ ተሰጠው። ቀጣዩን ወር ትከፍያለሽ? ብዙ ሰው አልከፈለም። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ማንም ካሰበው ቀድሞ ወደ መንደሮቹ ገባ። መስመር መግባቱ በራሱ ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ የት መቼ እንደሚገባ አስቀድሞ ለሻጮቹም ለገበሬውም አለመነገሩ ነው። ዱቤ የሰጡት ድርጅቶች ገንዘባቸውን መሰብሰብ አቃታቸው። ቢሮዎች ተዘጉ። ከቢሮዎቹ ጋር ያ በየወሩ እየመጣ ባትሪ የሚያየው ቴክኒሻንም ቀረ።

ለድሃው ማሰብ ተገቢ ነው። እኔም የምለው ለድሃው ነው። መክፈል ጨርሶ የማይችል ቤት አለ፣ እሱን መርዳት ግዴታ ነው። ግን እርዳታው ዕቃው ላይ ሳይሆን ክፍያው ላይ ይሁን። መክፈል ለማይችለው መንግሥት ከፊሉን ይክፈልለት። ዕቃውን የሚያቀርበውና የሚጠግነው ያው ነጋዴ ይሁን። ያኔ ገበያው አይሞትም፣ ባትሪም አይጠፋም።

ቀረጥ ማንሣትን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጥሩ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ኬንያ በ2014 በሶላር ዕቃ ላይ የነበረውን ተጨማሪ እሴት ታክስ አነሣች። በ2020 መልሳ ጣለች። በ2021 እንደገና አነሣች። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ዕቃ ያዘዘ ነጋዴ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትሽም። ነጋዴ ከታክሱ ይልቅ ነገ የሚሆነውን አለማወቅ ይከብደዋል።

የኛ አገር ነጋዴ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረበት። መርካቶ የሶላር ዕቃ የሚያስመጣ አንድ የማውቀው ሰው በአንድ ወቅት «ቀረጥ ተነሥቶልኛል፣ ዶላር ለማግኘት ግን ስምንት ወር ጠበቅሁ» ብሎኛል። ኤልሲ (ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ማረጋገጫ) እስኪከፈትለት ድረስ የቻይናው አምራች ያንን ሞዴል ማምረት አቁሞ ነበር። በሌላ ሞዴል ቀየረ። ለሌላው ሞዴል ደግሞ አዲስ የጥራት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ አለቀ። መንግሥት ችግሩን አላየውም ማለት አይቻልም። በዓለም ባንክ ገንዘብ በልማት ባንክ በኩል ለሶላር አስመጪዎችና ለብድርና ቁጠባ ተቋማት የሚሆን የብድር መስመር ተከፍቷል። ብድሩ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ መኖሩ ነበር ትልቁ ቁም ነገር። በኔ ግምት በዘርፉ ከተሠሩት ጥሩ ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ሸክሙ የት እንደነበር አይቶ እዚያው ላይ ነው እጁን ያሳረፈው።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ጣቢያዎች እንሂድ። እዚህ ላይ ጎረቤታችን ኬንያ ብዙ ታስተምራለች፣ በስኬቷም በስህተቷም።

የኛ ኦሞ የሚገባበትን ቱርካና ሐይቅ ታውቂዋለሽ። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ሎያንጋላኒ አካባቢ ቀን ከሌት የማይለቅ ነፋስ አለ። እዚያ 365 የነፋስ ተርባይኖች ተተከሉ። አቅማቸው 310 ሜጋ ዋት ነው። የግል ባለሀብቶች ተርባይኖቹን በ2017 አቁመው ጨረሱ። ኃይሉን ናይሮቢ አቅራቢያ ወዳለው የሱስዋ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚያደርሰው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር ግን አልደረሰም። መስመሩን መዘርጋት የመንግሥት ድርሻ ነበር። ሥራውን የያዘው የስፔን ተቋራጭ ከስሮ ወደቀ። ሌሎች ተተኩና መስመሩ በመስከረም 2018 ሥራ ጀመረ።

በመሀል የሆነውን ስሚ። ውሉ እንዲህ ይላል፦ ጣቢያው ለማመንጨት ዝግጁ ሆኖ መንግሥት መስመር ካላደረሰ፣ መንግሥት እንዳመነጨ ቆጥሮ ይክፈል። ስለዚህ ኬንያ ላልደረሳት ኃይል በቢሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ተጠየቀች። ሕዝቡ ተቆጣ። «ላልመጣ መብራት ለምን እንከፍላለን?» አለ። ቁጣው ይገባኛል። ግን የውሉ አንቀጽ ራሱ ጥፋት አልነበረም። ባለሀብቱ የመስመሩን ሸክም መሸከም አይችልም፣ መስመሩ በእጁ አይደለም። ያለዚያ አንቀጽ ማንም ባንክ ብር አያበድረውም ነበር። ጥፋቱ መንግሥት እችላለሁ ብሎ የተሸከመውን ሸክም በጊዜ አለማድረሱ ነው። ዋስትና ቃል ብቻ አይደለም። ከዋስትናው ጎን በጀት፣ የሥራ መርሐ ግብርና የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል።

ሱስዋን አስታውሺው። ከወላይታ ሶዶ የተነሣው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያና ኬንያ መስመርም የሚያርፈው እዚያው ሱስዋ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ኬንያ በደንብ የሠራችው ጂኦተርማልን ነው። ከምድር ውስጥ የሚወጣ እንፋሎት ማለት ነው። የጂኦተርማል ትልቁ ሸክም ቁፋሮው ነው። አንድ ጉድጓድ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይበላል። ከዚያ በኋላ እንፋሎት ላይገኝ ይችላል። የግል ኩባንያ እዚህ ጋ ይሸሻል። ኬንያ በ2008 ለዚህ ብቻ የቆመ የመንግሥት ኩባንያ አቋቋመች። መንግሥት ይቆፍር፣ እንፋሎቱ ሲገኝ የግሉ ተርባይን ተክሎ ያመንጭ አለች። ከኦልካሪያና ከአካባቢው የሚገኘው እንፋሎት ዛሬ ለአገሪቱ መብራት ትልቁ ምንጭ ሆኗል። እኛ በዚያው ስምጥ ሸለቆ ላይ ነን። አሉቶ ላንጋኖ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኛ አቆጣጠር የሙከራ ጣቢያ አቁመናል፣ 7.3 ሜጋ ዋት። ምድሩ ያው ነው። ልዩነቱ ጎረቤታችን የቁፋሮውን ሸክም ማን እንደሚሸከም ቀድማ መወሰኗ ነው።

አሁን ጨረታ። ገለጻሽ ላይ በደንብ ብታብራሪው የምመኘው ይህን ነው።

ድሮ አገሮች ለታዳሽ ኃይል ቋሚ ዋጋ ይቆርጡ ነበር። «ከነፋስ ያመነጨ ሁሉ በዚህ ዋጋ እገዛዋለሁ» ይላል መንግሥት። ኬንያም በ2008 በዚህ ጀምራለች። ችግሩ ትክክለኛውን ዋጋ መቁረጥ ነው። ዝቅ ካደረግሽው ማንም አይመጣም። ከፍ ካደረግሽው ሕዝቡ ለ20 ዓመት ከልክ በላይ ይከፍላል። ስለዚህ ብዙ አገሮች ወደ ጨረታ ዞሩ፤ ኃይሉን በዝቅተኛ ዋጋ እሸጣለሁ ያለው ያሸንፋል። ደቡብ አፍሪካ በ2011 ቋሚውን ዋጋ ትታ ጨረታ ጀመረች። በጥቂት ዙሮች ብቻ የሶላር ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ። ሕንድም በ2017 በራጃስታን በረሃ የሚተከል የሶላር ኃይል በኪሎ ዋት ሰዓት 2.44 ሩፒ ዋጋ አገኘች። ያኔ ሰው ማመን አቅቶት ነበር።

እኛም ሞክረናል። በፈረንጆቹ 2019 በሶማሌ ክልል ጋድና በአፋር ክልል ዲቼቶ ለሚተከሉ ሁለት የሶላር ጣቢያዎች ጨረታ ወጣ። እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት ናቸው። የሳውዲው አክዋ ፓወር በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም አቅርቦ አሸነፈ። በአፍሪካ ከተሰሙት ዋጋዎች ሁሉ ዝቅ ካሉት አንዱ ነው። እኔም ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ጣቢያዎቹ ግን ሳይቆሙ ቀሩ።

ለምን? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ በመሀል ጦርነትም መጥቷል። በድርድሩ ላይ የከበደው ግን የምንዛሪው ጉዳይ ነው። አብረን እናስላው። በጨረታው ወቅት ዶላር 29 ብር አካባቢ ነበር። በዚያ ሒሳብ 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ማለት በኛ 73 ሳንቲም ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገብቶ ነበር። በዚያ ሒሳብ 1 ብር ከ44 ሆነ። ዶላር 100 ብር ሲገባ 2 ብር ከ53 ሆነ። በዶላር ዋጋው አልጨመረም። የወደቀው ብሩ ነው።

ውሉ በዶላር ከሆነ ያ ልዩነት የሚያርፈው ኃይሉን በሚገዛው የመንግሥት ድርጅት፣ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ላይ ነው። ድርጅቱ ደግሞ ከአንቺና ከኔ የሚሰበስበው ብር ነው። ውሉ በብር ከሆነ ሸክሙ ባለሀብቱ ላይ ይወድቃል። እሱ ፓኔሉን በዶላር ገዝቶ፣ ብድሩን በዶላር ተበድሮ፣ በብር ሊቀበል አይመጣም። ብሔራዊ ባንክ ለ20 ዓመት «ዶላሩን እኔ አቀርባለሁ» ብሎ ይፈርም ቢባል ደግሞ በዚያ የእጥረት ዘመን ከባድ ነገር ነበር። ሦስቱም ሸክሙን ገፉት። ሸክሙ መሬት ላይ ቀረ።

እኔ ደጋግሜ የማስበው አንድ መፍትሔ አለኝ። የግል አስተያየቴ ስለሆነ እንደዚያው ያዢልኝ። ኢትዮጵያ ኃይል ለጅቡቲና ለኬንያ ትሸጣለች። ቅድም ያልኩሽ የሱስዋ መስመር 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል። ሽያጩ በዶላር ነው። ከዚያ ዶላር የተወሰነው ወደ ሌላ ሥራ እንዳይሄድ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ለግል አምራቾች ክፍያ ዋስትና መሆን ይችላል። ከኃይል የመጣ ዶላር ለኃይል ይዋል ነው የምለው። አበዳሪ ባንኮች ይህን ቢያዩ አነጋገራቸው ይለወጣል። ዶላሩ ስንት ቦታ እንደሚፈለግ አውቃለሁ፣ መድኃኒት አለ፣ ማዳበሪያ አለ። ግን ዛሬ ያልተተከለ ጣቢያ ነገ የሚያመጣው ጣጣም መታሰብ አለበት።

ታሪፍ ላይ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ለረጅም ዓመታት የመብራት ዋጋችን ሳይነካ ቆየ። ለአነስተኛ ተጠቃሚው ኪሎ ዋት ሰዓቱ 27 ሳንቲም ነበር። ለሕዝቡ የታሰበ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ድርጅት ትራንስፎርመር ሲቃጠል የሚተካበት ገንዘብ አይኖረውም። ለግል አምራች ሊከፍል ደግሞ ጨርሶ አይችልም። በ2011 ዓ.ም. ዋጋው በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲስተካከል ተደረገ። በወር ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች የሚጠቀመው ቤት ግን ሳይጨመርበት ቀረ። ያ ትክክል ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲስ የአራት ዓመት ማስተካከያ አለ። የኑሮ ውድነቱ ባለበት ሰዓት ይህ እንደሚያም ማንም ያውቃል። ቢሆንም ዋጋው ለዘላለም አይነካም ማለት ሸክሙን መስመር ላልደረሰው ገበሬ ማሸከም ነው። ርካሹን መብራት የሚያገኘው መስመር የገባለት ነው። ገበሬው ግን ለባትሪ ድንጋይና ለጋዝ ከኛ እጥፍ ድርብ ይከፍላል።

ገዥው ድርጅት የሚፈራውም ነገር አለ። በደቡብ አፍሪካ ጨረታው እንዲያ ካማረ በኋላ ኤስኮም፣ የመንግሥቱ የኃይል ድርጅት ማለት ነው፣ ከአሸናፊዎቹ ጋር አልፈርምም ብሎ ለሁለት ዓመት ያህል አቆየው። 27 ፕሮጀክቶች ቆመው ጠበቁ። የተፈረመው ሚያዝያ 2018 ላይ ነው። ኤስኮምም የራሱ ዕዳና የራሱ ስጋት ነበረበት። አዲስ ሕግ ስታወጪ የቆየው ድርጅት የት እንደሚቆም አብረሽ ካላሰብሽ፣ ሕጉ ቢሮው በር ላይ ይቆማል።

አሁን «ሕዳሴ እያለ» ወደሚሉሽ ሰዎች።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ የት እንደነበርኩ አስታውሳለሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ አልቅሻለሁ። ቦንድ ያልገዛ ዘመድ የለኝም። 5,150 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ግድቡን ለማሳነስ አይደለም። ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከግድቡ በ500 ኪሎ ቮልት የወጣው ኃይል እኚያ እናት ቤት እስኪደርስ ስንት ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ስንት ምሰሶ፣ ስንት ትራንስፎርመር፣ ስንት ቆጣሪ ያልፋል? ቤቶቹ ተራራ ለተራራ ተበታትነው ላሉበት ቀበሌ የመስመሩ ወጪ ከኃይሉ ወጪ ይበልጣል። መንግሥትም ይህን ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ በሶላርና በመሳሰሉት ለማዳረስ አቅዶ ነበር። የታሰበለት ጊዜ የፈረንጆቹ 2025 ነው። ጊዜው ደርሷል፣ ብዙ ሚሊዮን ቤት ግን ዛሬም ይጠብቃል።

ሌላም ምክንያት አለ። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ ነው። ውሃ ሲጎድል ምን እንደሚሆን አይተናል። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይም ግቤ ሦስት ውሃው ቀንሶ እንደገና ፈረቃ መጣ። ነፋሳችን ደግሞ በአብዛኛው የሚበረታው በበጋ ነው፣ ውሃው በሚቀንስበት ሰዓት። አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፣ አዳማ አንድና ሁለት ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ናቸው። ትንሽ ይመስላሉ። ግን ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር ግድቡ ውሃውን ይቆጥባል። ግድቡ ለነፋሱና ለፀሐዩ እንደ ትልቅ ባትሪ ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ በእጃቸው ያለ አገሮች ጥቂት ናቸው። ለአለቆችሽ ሕዳሴ የሶላርና የነፋስ ጠላት ሳይሆን ዋና ረዳታቸው ነው በያቸው።

በመጨረሻ ስለ ወረዳሽ። አንቺ የብር ምንዛሪን አትወስኚም፣ ጨረታም አታወጪም። ግን ሦስት ነገር በእጅሽ ነው።

በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የትኞቹ ቀበሌዎች መስመር እንደሚገባላቸው፣ የትኞቹ እንደማይገባላቸው ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ጠይቂ። ዝርዝሩን በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፊው። ባንግላዴሽ የጎደላት ይህ ነበር። ገበሬው መስመር በሚቀጥለው ዓመት እንደማይመጣ ካወቀ ደህና ሶላር ይገዛል። እንደሚመጣ ካወቀ ደግሞ ገንዘቡን ለቆጣሪና ለምጣድ ያቆያል።

ቴክኒክና ሙያ የጨረሱ ወጣቶች ወረዳሽ ውስጥ አሉ። ሁለት ሦስቱን አደራጅተሽ የገበያ ቀን የባትሪ መለወጫና የጥገና ሱቅ ይክፈቱ። መነሻ ብድሩን ከብድርና ቁጠባው ጋር ተነጋገሪ። ሱቁ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መልቲሜትር፣ አንድ መበየጃና አንድ ካርቶን ባትሪ ቢኖረው ይበቃዋል። የሚሸጡት ዕቃ የጥራት ደረጃውን ያለፈ መሆኑን አንቺ ተቆጣጠሪ።

ሦስተኛው፣ ሪፖርትሽ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሪ። «የተሰራጨ» የሚል ዓምድ አለሽ። አጠገቡ «ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሠራ» የሚል ጻፊ። መጀመሪያ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ አለቆችሽ ሊቆጡ ይችላሉ። ያኔ ይህን ጽሑፍ አሳዪያቸው፣ እኔም ካስፈለገ መጥቼ አስረዳለሁ።

ለገለጻው ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ሁለት ቀበሌ ውጪና ቆርቆሮ ላይ ፓኔል ያለበትን ቤት ሁሉ ግቢ። ሳጥኑ ይሠራል ወይ፣ ካልሠራስ ምኑ ነው የተበላሸው ብለሽ ጠይቂና መዝግቢ። ያገኘሽውን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።